የነጂብ ግራ እጅ

እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰርቦ ከተማ፣ የቀበሌው ሜዳ ላይ ስብሰባው ጀመረ። ያደረግሁትን ለእናቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ኒካሐችን ከመታሰሩ በፊት፣ ሊያገባኝ የጠየቀው የሰቃ ከተማው ሰው እንዲያነበው ነው።

ታላቅ ወንድሜ ነጂብ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ነጂብ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደህና ነው፤ አንድ ነገር ላድርግ ሲል ግን ሰውነቱ እምቢ ይለዋል። እጁ ይጠማዘዛል፣ አንገቱ ወደ ጎን ይዞራል። አገጩን በጣቱ ሲነካ ትንሽ ይመለስለታል። አጋሮ የቀሩት አያታችንና አጎታችንም እንዲሁ እንደነበሩ ሟቹ አባታችን ነግሮኛል። የሰርቦ ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ ጂኒ ነው ይላል። እኔ ጅማ የጤና ተማሪ ነኝ። በዘር የሚወርድ በሽታ መሆኑን ተምሬአለሁ።

ከጅማ የመጣው ካድሬ «ግራ እጅ ወደ ላይ!» አለ። ሁላችንም አነሳን። የነጂብ እጅ ወደ ጀርባው ተጠመዘዘ፣ ፊቱ ከመድረኩ ዞረ። በቀኝ ጣቱ አገጩን ያዘ።

«አንተ! በአብዮቱ ታፌዛለህ?»

«ጌታዬ፣ ጂኒ ይዞት ነው» አለች አንዲት ሴት።

«ጂኒ? እሱም ተደራጅቷል በይኛ!» ሰው ሳቀ። ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «እህቱ አንቺ ነሽ አሉ፣ የጤና ተማሪዋ። በሽታ ነው ወይስ ንቀት?»

ከፊቴ የሰቃው ሰው አክስት ተቀምጣ ነበር። በዚያ ሰሞን ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ሊልኩብን ነው ተብሎ ነበር። ጂኒ አጥንት አያስቆጥርም። በሽታ ነው ካልኩ ግን ከማን ወረደ ይባላል፤ ከዚያ እኔ ላይ ይደረሳል።

«አላውቅም» አልኩ።

እኔ አላውቅም አልኩ! ከእኔ በቀር ማን ያውቅ ነበር? ጠባቂዎቹ እጁን ወደኋላ በገመድ አሰሩት። በታሰረ ቁጥር ይብስበታል፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ወደ እኔ ሊያይ ሞከረ፣ አንገቱ ከለከለው፤ እንደታሰረ ወሰዱት። እናቴ «ማል ጎቴ? ምን አደረግሽ?» ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ሰዎቹ ፈርታ ነው አሉ። አልፈራሁም። አስቤ፣ መዝኜ ነው ወንድሜን የሰጠሁት። ወጣት ነኝ፣ ዘመኑ ክፉ ነው ብዬ አላመካኝም። አንተም፣ ልታገባኝ ያለኸው፣ ይህን አንብበህ ከቀረህ አልወቅስህም፤ በሽታው በእኔም፣ በምወልደውም ልጅ ሊኖር ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ካድሬው ዘንድ ሄድኩ። «በሽታ ነው፤ ልጅ ሳለ ማጅራት ገትር መትቶት ነው» አልኩት። ትናንት ለምን ዝም አልሽ ሲለኝ «ሰው ፊት አፍሬ» አልኩ። አመነኝ፤ ነጂብን ለቀቀው። ሁለተኛው ውሸት ወንድሜንም ፈታ፣ የእኔንም አጥንት ንጹሕ አደረገ። እናቴ በሩ ላይ አቅፋኝ «ረቢ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ ጌታ ይባርክሽ ልጄ» ብላ መረቀችኝ።

እኔም «አሚን» አልኩ።