የግቢው ቆጣሪና ሰባተኛው ጨዋታ

ደባርቅ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት የተከራየሁት ክፍል ያለበት ግቢ አራት ቤተሰብ የሚኖርበት ነበር። ቆጣሪው ግን አንድ ብቻ ነው፤ የተሰቀለውም በአከራዬ በረንዳ ላይ ነው። አከራዬ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ የጃናሞራ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው መብረቅ የአባታቸውን ሁለት በሬዎች በአንድ ቀን ሲገድል አይተዋል። ደባርቅ ከገቡ በኋላ ደግሞ ቴሌቪዥናቸውን አቃጥሎባቸዋል። ስለዚህ ነጎድጓድ ሲሰማ፣ የሩቅም ይሁን የቅርብ፣ ወጥተው የግቢውን መብራት ከቆጣሪው ያጠፋሉ። ለማንም ቀድመው አይናገሩም። ነጎድጓዱን ሁላችንም ሰምተናል፤ ከዚያ በላይ ምን ይባላል?

እኔ ጠዋት ጠዋት ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁት ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲጠፋ በዚያው ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። አንዲት የዶርም ጓደኛዬ በፍላሽ የገለበጠችልኝ የቅርጫት ኳስ ጌም ነበረው።

ከጌሙ የምጫወተው ካሪየር ሞድ የሚባለውን ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ሙሉ ቡድን አይመራም፤ አንድ ተጫዋች እፈጥርና ከተቀያሪ ወንበር ጀምሮ የስፖርት ሕይወቱን ሁሉ አብሬው እኖራለሁ። ሴት መፍጠር አይቻልም። የእኔው ቀጭን፣ ከሌሎቹ አጠር ያለ ወንድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በዲፓርትመንታችን የሴቶች ቡድን ተመዝግቤ፣ ቁምጣ ለብሼ ሰው ፊት መቆም ስላቃተኝ ከሁለት ልምምድ በኋላ ቀርቻለሁ። ላፕቶፑ ፊት ግን የሚያየኝ አልነበረም።

ጥሩ ጎኑን ልናገር። መጀመሪያ አሰልጣኙ የሚያስገባው ለአራት ደቂቃ ነው። አራቱን ደቂቃ በጥንቃቄ ከተጫወትኩ በሚቀጥለው ስድስት ይሆናል። በልምምድ የተገኘች ጥቂት ነጥብ የቅጣት ምት ችሎታው ላይ ትጨመራለች፤ ከወራት በኋላ ያ ልጅ ቅጣት ምት አይስትም። ቀስ ብሎ ማደግን እንዲህ የሚያሳይ ነገር ክፍል ውስጥ እንኳ አላጋጠመኝም።

የሚያናድደኝ ማርክ አሰጣጡ ነው። በስክሪኑ ጥግ ላይ ሁልጊዜ አንድ ፊደል አለ፤ ጥሩ ስሠራ ከፍ፣ ሳጠፋ ዝቅ ይላል። እኔም ማርክ የምሰጥ ሰው ስለሆንኩ ግፉ ይታየኛል። የቡድን ጓደኛዬ ትቶት የሄደውን ተጋጣሚ ሮጬ ስሸፍን «የራስህን ሰው ለቀቅህ» ብሎ ይቀንስብኛል። የሄደውን አይነካውም። ኳስም ካልጠየቁ አይመጣም። ጥግ ላይ ነፃ ሆኜ ስቆም፣ ሦስት ሰው የከበበው ልጅ ራሱ ይወረውርና ይስታል። ቁልፍ ተጭኜ እጄን ላንሣ ብል ደግሞ፣ ሰዓቱ ካልሆነ፣ ማርኬ ይወርዳል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።

ከሁሉ የከፋው፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ምንም ሴቭ አለማድረጉ ነው፤ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ጨዋታው እንደ አዲስ ይጀመራል። ደቂቃውን ማሳጠር ይቻላል፤ ካሳጠርኩት ግን ጥሩ ማርክ የሚያስገኝ ሥራ ለመሥራት ጊዜ አይበቃም። ካስረዘምኩት የአከራዬ ቆጣሪ አለ። ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የማይሰማበት ቀን ጥቂት ነው።

እንደዚያም ሆኖ ቡድናችን ለዋንጫ ደረሰ። የዋንጫው ግጥሚያ አራት ጨዋታ ቀድሞ ላሸነፈ ነው፤ ሦስት ለሦስት ሆነን ሰባተኛው ቀረ። ሰባተኛውን ሁለት ጊዜ ተጫወትኩት። ሁለቱንም ጊዜ እየመራሁ ሳለ ነጎድጓድ ተሰማ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ ሁለተኛው ቀን ደጄ ላይ ቆሜ ስታገኘኝ ነገርኳት።

«ንገሪያቸዋ» አለች።

«ምን ብዬ?»

«ስልሳ ተማሪ ፊት የምትቆሚ ሰው እማማን ትፈሪያለሽ?»

ተማሪዎቹንም እንደምፈራ አልነገርኳትም።

በሦስተኛው ቀን ከጨዋታው አራት ኳርተሮች ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል ከሩቅ ጉርምርምታ ተሰማ። ጨዋታውን አቁሜ ሮጥኩ። እማማ እጃቸውን ወደ ቆጣሪው ዘርግተዋል።

«እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ይቆዩልኝ።»

«ምነው፣ ምን ሁነሻል?»

የተማሪ ውጤት እየሞላሁ ነው ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ አልወጣልኝም። «የኳስ ጨዋታ ይዣለሁ። በኮምፒውተር።»

«ስንት ይቀረዋል?»

«ሩብ ሰዓት።»

«መብረቅ ሩብ ሰዓት ይታገሣል ያለሽ ማነው?» አሉና ሰማዩን አዩ። «አሁን ገና ተራራው ላይ፣ ጨነቅ አካባቢ ነው። ነይ አሳይኝ እስቲ። ከቀረበ ግን እኔው ወጥቼ አጠፋዋለሁ።»

መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ተጫውቼ አላውቅም። አራተኛው ኳርተር እንደተጀመረ ያ የቡድን ጓደኛዬ እንደ ልማዱ የሚጠብቀውን ሰው ትቶ ሄደ፣ እኔም እንደ ልማዴ ሮጬ ሸፈንኩ። ፊደሌ ወረደ። አሰልጣኙ አስወጣኝ።

«አንቺ የትኛዋ ነሽ?» አሉ።

ወንበር ላይ የተቀመጠውን አሳየኋቸው።

«ወንድ ነሽሳ።»

«ሴት የለውም፣ እማማ።»

«ይሁን። ለምን ተቀመጥሽ ታዲያ?»

«አሰልጣኙ አስወጣኝ። የራስሽን ሰው ለቀሽ የሌላውን ሸፈንሽ ብሎ።»

«ሸፍነሻል?»

«ልጁ ትቶት ስለሄደ ነው።»

«ልጁስ? አልወጣም?»

«እየተጫወተ ነው። ያውልዎት፣ እዚያ ጋ።»

እማማ ቀረብ ብለው አዩት። «ሰነፍ ነው። አሯሯጡን እይው እንጂ። ለአሰልጣኙ ንገሪው።»

«መንገሪያ የለውም።»

«እንዴት የለውም? ይሄ ሁሉ ቁልፍ ተደርድሮ?»

ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ። ወንበር ላይ ሲሆኑ አንዱም አይሠራም። ስድስት ነጥብ እየመራን ነበር፤ አራት ሆነ፤ አንድ ሆነ። ነጎድጓዱ ትንሽ ቀረበ። እማማ ግን አልተነሡም፤ ያን ልጅ በዓይናቸው ይከተሉታል። የመጨረሻውን ኳስ እሱ ወረወረ፣ ሳተ። ተጋጣሚዎቻችን ሮጠው አገቡ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

«አለቀ?»

«አንዲት ጥያቄ ትቀራለች።»

ከጨዋታ በኋላ ጋዜጠኛ ይጠይቃል፤ መልስ ሲሰጠው ነው ሴቭ የሚያደርገው። «በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የት ጠፋህ?» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከሥሩ ሦስት መልሶች አሉ፦ ቡድኑን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይበልጥ መሥራት አለብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሰልጣኙ አስቀምጦኝ ነው የሚል የለም።

ያኔ ነው የገባኝ። እስክመልስ ድረስ ሽንፈቱ አልተመዘገበም። አሁን መብራት ቢጠፋ ሰባተኛውን ጨዋታ እንደገና አገኘዋለሁ። ሁለት ጊዜ ያስለቀሰኝን መጥፋት በሙሉ ልቤ ተመኘሁት።

«እማማ፣ ነጎድጓዱ ቀርቧል። ያጥፉት ግድ የለም።»

«የለም፣ ጨርሺ» አሉ። «ቆዩልኝ ብለሽ ለምነሽኝ በመሐል አላጠፋብሽም። በዓመቱ አንድ ነገር ብትጠይቂኝ።»

ሶኬቱ ከእግሬ አጠገብ ነበር። በጣቴ ገፋ ባደርገው ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን የሚፈሩትን ነገር ለእኔ ብለው ችለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መልሴን እየጠበቁ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለውን መልስ ተጫንኩ። የሴቭ ምልክቷ ትንሿ ክብ ዞረች፣ ሽንፈቱ በስሜ ተመዘገበ።

«አሁን አለቀ» አልኩ።

«አሸነፍሽ?»

«ተሸነፍኩ።»

«ቁጭ ብለሽ?»

«ቁጭ ብዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወጥተው መብራቱን አጠፉት።