የጋሽ አየለ ሞርሳ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ውስጥ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ወደ አዲስ አበባ ሊዛወሩ ዕቃቸውን እየሸጡ ነው ሲባል ሰምቼ፣ ደህና መደርደሪያ ባገኝ ብዬ ሄጄ ነበር። አርፍጃለሁ። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የልጅ አልጋው ሳይቀር ፎቶው በስልክ ዞሮ ከተሸጠ ቆይቷል፤ ግቢው ውስጥ የቀረው ማንም ያልፈለገው ኮተት ብቻ ነው። ከኮተቱ መሃል አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አየሁና ጎንበስ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩት። የላምባ፣ የዛገ ብረትና የአሮጌ ቅባት ሽታ አንድ ላይ ፊቴን መታኝ። ውስጡ ጥርሱ የረገፈ መጋዝ፣ አንድ ጉጠትና እጀታው የተሰነጠቀ ካቻቪቴ ተኝተዋል።

"የማን ነበር?" አልኳት ሚስትየዋን።

"እንጃ፤ ቤቱን ስንከራይ እዚሁ ነው ያገኘነው። ልንጥለው ነው፤ ከፈለጉ ይውሰዱት" አለችኝ።

አመስግኜ ወሰድኩት። መንገዱን ሁሉ ግን ሳጥኑን ታቅፌ የሄድኩት እኔ አልነበርኩም፤ አባቷን ተከትላ ከሰው ግቢ ሰው ግቢ የምትዞር አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች።

አባቴ ክፍሌ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። የእሱ አያት ከሸዋ መጥተው ሐረር ከሰፈሩ ጀምሮ ቤተሰባችን ከዚህች ከተማ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ከወረቀት ጋር ስለሚውል ነው መሰለኝ እጁ ብረት ይናፍቅ ነበር። ግቢያችን ጥግ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ግድግዳው ሙሉ መዶሻ፣ መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያና ሞረድ ተሰቅሎበታል፤ አንዱም አዲስ አይደለም፤ ሁሉም ሌላ ሰው ሠርቶበት፣ እጀታው በሌላ ሰው መዳፍ ለስልሶ የመጣ ነው። ከሱቅ አዲስ መዶሻ መግዛት ለአባቴ ዘመዱ የማይታወቅ ሰው እንደ ማሳደር ያለ ነገር ነበር። ችሎታው ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደ ፍቅሩ አልነበረም። የጠገነው በር በደንብ ይዘጋል፣ አይከፈትም እንጂ። በገዛ እጁ በሠራው በርጩማ ላይ እንግዳ ሊቀመጥ ሲል እናቴ ቀድማ "እባክዎ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው ይቀመጡ" እያለች ታስጠነቅቅ ነበር።

ሐረር ያን ጊዜ መምህሩም፣ ወታደሩም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ከየአገሩ የሚመደብባት ከተማ ነበረች። መጥቶ ይቀመጣል፣ ይለምዳል፣ ይወልዳል፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ዝውውር ይመጣበታል። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ዕቃ መጫን የማይታሰብ ስለነበር፣ የሚሄደው ቤተሰብ ልብሱንና መጻሕፍቱን አስቀርቶ ሌላውን ግቢ ያወጣዋል። የብረት አልጋ፣ ፋኖስ፣ ቁምሳጥን፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ ጥጉ የተሰበረ መስታወት፤ ትናንት ጓዳ ውስጥ ተከብሮ የኖረው ሁሉ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ያፈረ ይመስላል። ውሃ በየጊዜው በሚጠፋባት በሐረር ከሁሉ ቀድሞ የሚሸጠው በርሜል ነበር፤ በበርሜል የተነሳ ስንት ጎረቤት ተኮራርፏል። ሰማዩ ድንገት ሲወርድ ደግሞ ሻጭም ገዢም እጁ የደረሰበትን እያነሳ ወደ ቤት ይሮጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ብዙ ሰው ተሸክሞት የገባውን ዕቃ በይሉኝታ ገዝቶ ይወጣል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የረገመችው ባለ ሦስት ጎማ የልጅ ጋሪ ቤታችን የገባው እንደዚሁ ነው።

አባቴ ከሚሄድ ሰው ጋር ዋጋ አይከራከርም። መጀመሪያ የት እንደተመደቡ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ያገኙ እንደሆነ ይጠይቃል፤ የቀረበለትን ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ አንድ መሣሪያ መርጦ የተባለውን ከፍሎ፣ "በሰላም ያግባችሁ" ብሎ ይወጣል። ቤት ሲደርስ በላምባና በአመድ አሽቶ ዝገቱን ያስለቅቅና በባለቤቱ ስም እየጠራ ይሰቅለዋል፦ የሻምበሉ መዶሻ፣ የነርሷ መቀስ፣ የግሪኩ መላጊያ። እኔም "ሻምበሉን አቀብዪኝ" ሲለኝ አልሳሳትም ነበር። እናቴ ግን "ይሄ ሰውዬ ከተማውን ለቆ የሄደውን ሁሉ ሰብስቦ ግድግዳ ላይ ሰቀለው" ትላለች።

በዚህ ዓለም ላይ አባቴ የሚቀናበት አንድ ዕቃ ነበር፤ እሱም የጋሽ አየለ ሞርሳ ነው። ሞርሳ መቼም እንጨትም ሆነ ብረት ነክሶ ይዞ አላነቃንቅ የሚል መሣሪያ ነው። ይሄኛው አረንጓዴ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ሁለት ጎረምሳ የሚያስቃትት የድሮ ብረት ነበር። ባለቤቱ አርመናዊ ባለሙያ አርፎ ሚስቱ ዕቃውን ስትሸጥ፣ አባቴ ገና በማለዳ ወጥቶ እናቴ "በዚህ ሸሚዝ ሰው ቤት አትሄድም" ብላ መለሰችው። ሸሚዙን ቀይሮ ሲደርስ፣ ከደብረ ታቦር ተመድበው የመጡት የእጅ ሥራ መምህር ጋሽ አየለ ሞርሳውን በጋሪ ሲያስጭኑ አገኛቸው። አባቴ ያንን ሸሚዝ ከዚያ በኋላ ለብሶት አያውቅም።

ጠላት ይሆናሉ ሲባል ወዳጅ ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ የሚታሰር እንጨት አያጣም፤ ካጣም ከጎረቤት ይዋሳል። "አየለ፣ እስቲ ይቺን ነክሰህ ያዝልኝ" እያለ ይገባል። ጋሽ አየለ በሚስጥር ሥራውን ያቃኑለታል፣ እሱ እንዳላየ ይሆናል፤ ከዚያ ስለ ልጅ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ አገር ሲያወሩ ይመሻል። እኔና ልጃቸው ሰናይት ከእግራቸው ሥር የወደቀውን ፍቅፋቂ እየለቀምን ፀጉራችን ላይ እንደ ጌጥ እንሰካ ነበር። የጽድ ፍቅፋቂ ሽታ ዛሬም ለእኔ የሰናይት ሽታ ነው።

አንድ ሐምሌ የጋሽ አየለ ዝውውር መጣ። አሮጊት እናታቸው ደብረ ታቦር ብቻቸውን ስለነበሩ ራሳቸው ጠይቀው ኖሯል፤ ስለዚህ "አትሂድ" ማለት እንኳ አይቻልም። አባቴ ሲሰማ "እሰይ፣ እናት ትበልጣለች" አለ። ከዚያ ወደ ቆርቆሮ ክፍሉ ገብቶ ለራት ተጠርቶ አልወጣም።

የሽያጩ ቀን እኔ በጠዋት ሄጄ ከሰናይት ጋር ዕቃ ማውጣት ጀመርኩ። አልጋቸውን አወጣን፣ እላዩ ላይ ስንዘል የነበረውን ፍራሽ አወጣን፣ ከዚያ እሷ የምትተኛበትን ጥልፍ ያለበት ትራስ አንዲት ሴትዮ ገዛችው። ሰናይት በሁለት እጇ አስረከበችና ወደ እኔ ዞራ "አዲስ ይገዛልኛል" አለችኝ።

ሞርሳውን ብዙ ሰው ጠየቀ። ጋሽ አየለ ለሁሉም "ገዢ አለው" ይላሉ። ከጠያቂዎቹ አንዱ አው ዩሱፍ ነበሩ፤ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ያላቸው፣ ከአባቴ ጋር በየሽያጩ የሚገናኙና የሚሻሙ የሐረሪ ሽማግሌ። አባቴ ከሚሄድ ሰው ጋር የማያደርገውን ክርክር ሁሉ ለእሳቸው ያጠራቅምላቸው ነበር። እሳቸውም የአባቴ መቅረት ገርሟቸው በሩን በሩን ያያሉ።

ቀትር ላይ ጋሽ አየለ ጠሩኝ። "አባትሽን ሞርሳው እየጠበቀህ ነው በይው።"

እየሮጥኩ ቤት ሄድኩ። አባቴ ጠዋት ለሽያጩ ብሎ የለበሰውን ንጹሕ ሸሚዝ ሳያወልቅ በርጩማው ላይ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ተቀምጦ፣ አስቀድሞ የተቀባ መጋዝ እንደገና ቅባት ይቀባል።

"አባባ፣ ጋሽ አየለ ና ይሉሃል።"

"ራሴን አሞኛል በያቸው።"

"ሞርሳውን ሊወስዱብህ ነው እኮ!"

"ይውሰዱታ" አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ስነግራቸው የጋሽ አየለ ፊት ሲለወጥ አየሁ። የተቆጡ መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው ግን የተነኩ ናቸው። "የማንም መንገደኛ ግቢ ሲጠራ የሚገኝ ሰው፣ የእኔ ሲሆን ራሱን ያመዋል" አሉ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ አው ዩሱፍ ዞረው "ይውሰዱት" አሏቸው። አው ዩሱፍ "ወላሂ፣ እኔስ ደስ ብሎኝ አይደለም" እያሉ ነው በጋሪ ያስጫኑት።

በማግስቱ ሲነጋጋ ሸዋ በር አውቶቡስ ተራ ነበርን። እኔና እናቴ ነን የሄድነው፤ አባቴ ከአልጋው አልተነሳም ነበር። ሰናይት መስኮት ላይ ተቀምጣ መስታወቱን በእስትንፋሷ ታደበዝዘውና በጣቷ ስሜን ትጽፋለች፤ ስሜ ወዲያው ይጠፋል፤ ደግማ ትጽፋለች። ሾፌሩ ሞተር ሊያስነሳ ሲል አባቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ በሰው መሃል እየተጋፋ መጣ።

ጋሽ አየለ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆነው "ራስህን ተሻለህ?" አሉት፣ ቀዝቀዝ ብለው።

"ራሴን አላመመኝም።"

"ታዲያ ምን በደልኩህ?"

"እስከ በርህ መጥቼ ነበር" አለ አባቴ። "ሰናይት ትራሷን ለሰው ስትሰጥ አየሁ፤ እግሬ አልገባም አለኝ። አየለ፣ እኔ የሰው ዕቃ የምገዛው ሰውየው እንደሄደ አምኜ ነው። የአንተን እንዴት አድርጌ ልግዛ?"

ጋሽ አየለ ወርደው ፊት ለፊቱ ቆሙ። አባቴ ጥቅሉን ሰጣቸው፤ የግሪኩ መላጊያ ነበር፤ ከግድግዳው ሁሉ የሚሳሳለት። "እዚያ አገር የሚያውቅህ ብረት ይኑርህ" አላቸው። ጋሽ አየለ ገልጠው አገላብጠው አዩት፤ አውራ ጣታቸውን ስለቱ ላይ አሳረፉ።

"ደንዟል" አሉ።

"የሳልኩት እኔ ነኛ!"

ሁለቱም ሳቁ፤ ከሳቁ ውስጥ ዕንባው መጣ፤ አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋና ሄደ። ሰናይትን የማያት ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እኔም እጄን ከማወዛወዝ የበለጠ ነገር ባደረግሁ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲመጣ መግቢያ አጣ። እናቴ በጉዳይ አሳብባ ጊደር መጋላ ላከችው፤ እኔም ተከተልኩት። በአው ዩሱፍ ሱቅ በር፣ ከበርበሬና ከእህል ነጋዴዎቹ አለፍ ብሎ፣ ሞርሳው በወፍራም ጠረጴዛ ላይ በብሎን ታስሮ ቆሟል። አባቴ ጠጋ ብሎ እጀታውን ጨበጠ።

"ስንት ይላሉ?" አለ።

"አይሸጥም። አማና ነው፣ የወዳጅህ አደራ" አሉ አው ዩሱፍ። "ስንቱ ጠይቆኝ መልሻለሁ። ቤትህ ብትወስደውም ብቻህን አጠገቡ ተቀምጠህ ትታመማለህ። እዚሁ ይቁም፤ አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ሥራበት። እንጨት ይዘሃል?"

አልያዘም ነበር። አው ዩሱፍ ከሱቁ ውስጥ እግሯ የተነቀለ ወንበር አምጥተው ሰጡት። አባቴ ወንበሯን ሲጠግን ዋለ፤ እሳቸው ጫታቸውን ይዘው እያዩት ዋሉ። ወንበሯ ስታልቅ ከመጀመሪያው የባሰች ሆነች። "ማሻአላህ" አሉ አው ዩሱፍ፣ ከትህትና ሌላ ምንም የማያስገድዳቸው ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በዋጋ እየተጨቃጨቁ፣ በዓል ሲመጣ እየተጠያየቁ አረጁ። በዚያ ሞርሳ ገበያተኛው ማጭዱን ያስይዝበታል፣ ተማሪው የተጣመመ ጃንጥላውን ያቃናበታል።

የጋሽ አየለ ሰላምታ ለዓመታት በመንገደኛ ይመጣ ነበር፤ በኋላ አገሩ ተናወጠ፣ መንገዱም ተዘጋ፣ ሰላምታውም ቆመ። ማረፋቸውን የሰማነው ብዙ ዘግይተን ነው። አባቴም በተራው ጡረታ ወጣ፣ ታመመ፣ ሞተ። ለቅሶው ላይ አው ዩሱፍ በከዘራ ተደግፈው መጥተው ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ፤ በማግስቱም፣ በሠልስቱም መጡ። ልሸኛቸው ስነሳ ክንዴን ይዘው፣ "እንግዲህ ማን ይከራከረኛል?" አሉኝ። እንደተያያዝን እስከ ጀጎል ግንብ በር ሸኘኋቸው።

አሁን በዚያ ሱቅ የስልክ መሸፈኛና የፕላስቲክ አበባ ነው የሚሸጠው። የአው ዩሱፍ ልጆች ሞርሳውን ለማን እንደሰጡት የሚያውቅ አላገኘሁም፤ ፍለጋውንም ተውኩት፤ ብረት ከሰው ይልቅ ይቆያል፣ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ነክሶ ይዟል። እኔን የሚጎድለኝ ሌላ ነው። አው ዩሱፍ በሕይወት ሳሉ በጊደር መጋላ ሳልፍ ከሱቃቸው ጨለማ ውስጥ ሆነው "አንቺ የክፍሌ ልጅ!" ብለው ይጠሩኝ ነበር፤ ትልልቅ ልጆች ወልጄም፣ ፀጉሬ ሸብቶም የክፍሌ ልጅ ነበርኩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ የለም። ባጃጅ ነጂው፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ ሁሉም ዛሬ "እማማ" ይሉኛል፤ በአክብሮት ነው፣ ቅር አይለኝም። የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ ገበያ ውስጥ የለም።