መቁጠሪያውን የማይለቀው ናኽሌ

ናኽሌን የሚያማ ሰው ሳገኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ከእኛ መንደር ከከፍር ሉዛ፣ ያውም ከዳቦ ጋጋሪ ቤት፣ በመላ ሊባኖስ ስሙ የሚጠራ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች መውጣቱ ቀላል ነገር ነው እንዴ? እኔ የሠርግ ከበሮ መቺ ነኝ፤ ክለባችን ሲጫወት ደግሞ ያንኑ ከበሮ ይዤ ደጋፊው መሀል እቀመጣለሁ። ልጁን ሜዳም ላይ ሠርግም ላይ አይቼዋለሁና ስለሱ የሚያስተምረኝ ሰው አልፈልግም።

ቤይሩት ካለ ትልቅ ክለብ ያስመጣልን ኩዌት ሄዶ የከበረ የመንደራችን ሰው ነው። የናኽሌ ደሞዝ የሌሎቹ የአራቱ ተሰላፊዎች ቢደመር የሚያክል ነበር። መጀመሪያ ማንም አልከፋውም፤ እንዲያውም ጎረቤት መንደሮች ላይ ተንቀባረርንበት። ነገሩ የተበላሸው አሠልጣኝ ሚሎራድ ከሰርቢያ የመጣ ጊዜ ነው። በሚሎራድ አጨዋወት ኳስ ማንም እጅ ላይ አትከርምም፤ አምስቱም ይቀባበሏታል፣ የተሻለ ቦታ ያገኘው ይወረውራል። ናኽሌ ደግሞ ከያዘ ያዘ ነው። ሁለት ሰው አልፎ ሦስተኛውን ቆሞ ይጠብቃል። ጓደኞቹ እጃቸውን አንጠልጥለው ያዩታል፣ እኛም እናየዋለን። ሲያገባ እናብዳለን፣ ሲስት እንሸነፋለን። በዚያ ዓመት መሳቱ በዛ።

በመጨረሻ አንድ ጨዋታ ቀረን፤ ካላሸነፍን ከሊጉ እንወርዳለን። ሚሎራድ ናኽሌን በዚያ ጨዋታ ጨርሶ እንደማያሰልፈው ለክለቡ ኮሚቴ ነገራቸው። እኛ ዘንድ ምስጢር የሚባል ነገር ስለሌለ ምሳ ሳይደርስ መንደሩ በሙሉ ሰማ። ሥጋ ሻጩ ጣኑስ አባትየው ዳቦ ቤት ድረስ ሄዶ፣ «አቡ ናኽሌ፣ በልጅህ ደሞዝ እኮ አንድ ሙሉ ቡድን እንገዛ ነበር» አለው። ሽማግሌው ዳቦውን ጠቅልሎ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ለማየት መምጣቱን ተወ።

ከጨዋታው ሳምንት ቀደም ብሎ የቡድኑ አምበል የጂርየስ ሠርግ ነበር። ዳብኬው፣ የሠርጉ የሰልፍ ጭፈራ፣ ሲጀመር ሰልፉን የሚመራው እንደ ልማዱ ናኽሌ ሆነ። ሰልፈኛው እጅ ለእጅ ተያይዞ እግሩን እኩል ይመታል፤ መሪው ብቻ መቁጠሪያ እያሽከረከረ እንዳሻው ይዘላል። ጥቂት ዙር ከመራ በኋላ ግን መቁጠሪያውን ለሁለተኛው ሰጥቶ ሰልፉ ጭራ ላይ ይገባል። ናኽሌ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። እንደሱ የሚዘል ስለሌለ የሚጠይቀውም አልነበረም። መሪው ሲያበዛው ከበሮ መቺው ምቱን ያዘገያል፤ ልቀቅ ማለት ነው።

ያን ቀን ሁለተኛ ሆኖ የገባው አባቱ ነበር። ሰሞኑን የሰው ስድብ ሲውጥ የከረመው፣ ጉልበቱን የሚያመው አቡ ናኽሌ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ የልጁን እጅ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ዙሩ ቀጠለ፣ አሁንም ቀጠለ። ናኽሌ ዞርም አላለ። ምቱን አዘገየሁት።

ናኽሌ አፈጠጠብኝ። «ምነው ጋሼ፣ ደከመህ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። እጅህን የያዘው ማን እንደሆነ እየው።»

ዞሮ አየ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። መቁጠሪያውን አባቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠና እጁን ስሞ ወደ ጭራው ሄደ። እኔም ምቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ሽማግሌው በዚያ ጉልበቱ የሠራውን ተአምር ያላየ አያምነኝም። ጭራው ላይ ደግሞ ጎትተው ያስገቡት ሚሎራድ የገዛ እግሩን እየረገጠ ይንገዳገዳል። ናኽሌ እጁን ያዘውና ምቱን ያስቆጥረው ጀመር፤ ዓይኑ ግን አባቱ ላይ ነበር። አባቱ ሲመራ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ናኽሌ የተናገረውን ሚሎራድ ራሱ ነው የነገረኝ። «ከመጀመሪያው አታሰልፈኝ» አለው። «እነ ጂርየስ ሲደክማቸው አስገባኝ። ውጣ ስትለኝ ደግሞ እወጣለሁ።»

የጨዋታው ቀን አቡ ናኽሌን ከዳቦ ቤቱ እየጎተትኩ አምጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ልጁ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር። ጣኑስ ከኋላችን፣ «በሊባኖስ ውዱ ወንበር አሟቂ» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ናኽሌም ሰምቶ ሳቀ፤ አባቱ ግን አልሳቀም። እነ ጂርየስ እየተቀባበሉ፣ እየተፋለሙ ቆይተው ሲዝሉ ናኽሌ ከሌሎቹ ተቀያሪዎች ጋር ገባ። ተጋጣሚዎቹም ደክሟቸዋል። ሁለቱን አለፈ፣ ሦስተኛውን ጠብቆ አለፈ፣ አገባ። ደገመ። ስንመራ አዳራሹ በስሙ ተናጠ።

ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ ሚሎራድ ሳይጠራው፣ ናኽሌ እጁን አነሳና ወደ ጂርየስ ጠቆመ፤ እሱ አርፏልና ይግባ ማለቱ ነበር። «አትውጣ» ብሎ የለመነው ያው ጣኑስ ነው። ናኽሌ ወጣ፣ ጂርየስ ገባ፣ ኳሷን እየተቀባበሉ ሰዓቱን ጨረሱት። አልወረድንም።

አቡ ናኽሌ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። «ጣኑስ፣ እስቲ ያንን የደሞዙን ነገር ድገምልኝ» አለው። ጣኑስ ተንጠራርቶ ግንባሩን ሳመው።

ሜዳው ላይ ዳብኬ ተጀመረ፤ መቁጠሪያውን ለናኽሌ ሰጡት። እየመታሁ ዓይኔን እጁ ላይ ተከልኩ። ጥቂት ዙር መራ፣ ለጂርየስ ሰጠውና እየሳቀ ወደ ጭራው ሮጠ። ከበሮዬን ማዘግየት አላስፈለገኝም።