ለቅሶ ስሄድ ያገኘኋት ዲስኮ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ያቺን የሸጎሌዋን ነገር ጻፊያት» እያሉ ስለነዘነዙኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሱኝ፤ እግሬም አፌም መዞር ይወዳሉ።

የሆነው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት፣ መስከረም ላይ ነው። ያልረሳሁት በዚያ ቀን ምክንያት ልጄ አእምሮዬን ስለተጠራጠረች ነው። በኋላማ እኔም ተጠራጠርኩ።

መጀመሪያ ግን የዘፈኗን ነገር ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ከእንጦጦ እንጨት እሸከም ነበር። እሁድ ሸክም የለም። ከምሳ በኋላ ቁስቋም፣ ጓደኛዬ የሺ ግቢ እንሰበሰባለን። ወንድሟ ታደሰ አሰብ ወደብ ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቴፕና አንድ ካሴት ይዞ መጥቶ ነበር። በካሴቷ ላይ ሰው የማይዘፍንባት፣ የማሽን ድምፅ ብቻ የሆነች ዲስኮ አለች። ዱም... ዱም... ትልና መሃል ላይ እንደ ጣሪያ ፍሳሽ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር በጆሯችን ገብቶ አያውቅም።

ግቢው መብራት ስላልነበረው ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። አዲስ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ታደሰ አሮጌውን ሳምንቱን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያሰጣዋል፤ እሁድ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። እኛም ውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለን እንወዛወዛለን። ጀርባዬን ሕመሙ የሚለቀኝ ያኔ ብቻ ነበር።

በኋላ ታደሰ ለውትድርና ተወሰደ፣ ቴፑንም ይዞ ሄደ። በዚያው ቀረ። የሺም አግብታ ጅማ ገባች።

እኔም ወለድኩ፣ አሳደግኩ፣ አረጀሁ። ሳረጅ ያቺ ዜማ መጣችብኝ። ቤዛ የምትባለው የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ ትፈልግልኛለች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺማ ውሻ ያባረረው ሰው ሩጫ ናት።»

«ይቺስ?»

«አይደለችም።»

ግጥም የላት፣ በምን ትፈለግ? የቤዛ እናት፣ ልጄ ሙሉ፣ «እማዬ፣ እንዲህ ያለ ዘፈን የለም። በሕልምሽ ነው የሰማሽው» ትለኛለች። ይሄኔ መቀመጥ ያቅተኛል። ተነስቼ እወጣለሁ፤ አንዴ ወደ ቁስቋም፣ አንዴ ወደ ሌላ። ስመለስ ሙሉ በር ላይ ቆማ ነው የማገኛት።

የዚያን ቀን የዕድርተኛችን የአስካለ ወንድም አርፎ ለቅሶው ሸጎሌ ነበር። ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ከዕድሩ ሴቶች ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቼ እሄዳለሁ። መንገድ ዳር አንድ ሬድዮ ሠሪ አሮጌ ቴፕ ፈታትቶ ይሞክራል።

ዱም... ዱም... ጠብ ጠብ።

እግሬ ቆመ። ከዚያ መቆሙን ተወው።

ሰውዬው ቀና ብሎ «እናቴ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ።

«ዝም በል፤ እንዳታጠፋት!»

ዓይኔን ጨፍኜ ተወዛወዝኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ስገልጥ ሴቶቹ በሙሉ ዞረው ቆመዋል።

«በስመ አብ! ነጠላ ዘቅዝቃ ትጨፍራለች!»

«ምነው ተዋበች፣ አስካለ ብታይሽ ምን ትላለች?»

«ተይ፣ እሷ ምን ታድርግ፤ ለክፏት ነው» አለች ሌላዋ። ይሄኛው ከሁሉ ባሰብኝ። ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። የዘፈኗን ስም እንኳ ሳልጠይቀው ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ገብቼም የማለቅሰው ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። ሙሉ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አለቀሰች። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ወጣቱ ሐኪም «እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለኝ።

«ገብርኤል።»

«ቁጥሩን ነው የምጠይቅዎት።»

«ታዲያ ገብርኤል አልኩህ እኮ!»

ሙሉ ቆጠር አድርጋ «አሥራ ዘጠኝ፤ ልክ ናት» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። የሙሉ ሳቅ ግን ደጅ እስክንወጣ አልቆየም።

ከዚያ ወዲህ የውጭ በሩ ቁልፍ ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በአጃቢ ሆነ። ከጓዳ እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ ጓዳ እመላለሳለሁ። ኮሮና መጥቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት፣ ኃጢአቴን ልናገርና፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሽታው ጋብ ሲል ቤዛን ለምኜ ሸጎሌ ወሰደችኝ። ሬድዮ ሠሪው የለም፤ ሱቁ ለመንገድ ፈርሷል። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቆሜ «እውነት ሰምቼ ነው?» አልኩ። ቤዛ እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ። ለብዙ ጊዜ ዘፈኗን አላነሳሁም፤ እግሬ ግን ተኝቼም ያርፍ አልነበረም።

ዘንድሮ ከቤዛ ጋር ሽሮ ሜዳ ነጠላ ልንገዛ ሄደን፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው ጮኸ።

«እንዴ! እማማ ዲስኮ!»

ሬድዮ ሠሪው ነው። ሁሴን ይባላል።

ቤዛ «ለካ እውነት ነው? ዘፈኑ ነበር?» አለችው።

«ነበር ብቻ? ለደንበኛው ሁሉ የእሳቸውን ነገር ነው የማወራው! ባለቤቱ ቴፑን ጥሎብኝ ቀረ፤ ካሴቷም ውስጡ ናት።»

ከመደርደሪያ አውርዶ ከፈተው። የወጣው ግን ጥድፊያ ነው፤ ድምፁም ቀጥኗል።

«ይቺ አይደለችም» አልኩ። እንባዬ መጣ።

ሁሴን ትንሽ አሰበ። «ቆይ... ያኔ እኮ ለጥገና የመጣው እየተንቀራፈፈ አስቸግሮ ነው። የሚያዞረው ጎማ ላልቶ ነበር። አሁን ቀይሬዋለሁ።» ጣቱን በመዞሪያው ላይ ጫን አደረገ።

ዱም... ዱም... ጠብ ጠብ።

«እሷ ናት!» ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

«እማማ፣ በልጅነትዎ በምን ነበር የሚሰሟት?»

«በባትሪ ድንጋይ። ፀሐይ እያሰጣነው።»

ሳቁን መያዝ አቃተው። «ድንጋዩ ደክሞ ነዋ! ዘፈኗ እኮ ፈጣን ናት፤ ቀስ ያላችሁት እናንተ ናችሁ!»

ቤት ስንገባ ቤዛ አንድም ሳታስቀር ለእናቷ ነገረቻት። ሙሉ ሰምታ ስትጨርስ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ እጄ በሚደርስበት ቁመት። አላመሰገንኳትም፣ እሷም ይቅርታ አላለችኝም። በማግስቱ ጠዋት ወጣሁ።

አሁን እንደ ልቤ እዞራለሁ። የዕድሩ ሴቶች «እማማ ዲስኮ» ሲሉኝ አልቀየምም። ግን ልቤ ተቀመጠ ብል ውሸት ነው። ቁስቋም ስደርስ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ድንጋይ ያለ ይመስል ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ታደሰ ቢኖር «እየዋሸኸን ኖረሃል» ብዬ በሳቅኩበት።

አንድ ነገር ደግሞ ቤዛ በቅርቡ ነገረችኝ። ሁሴን ጋ መጀመሪያ የሰማናትን ፈጣኗን ዘፈን እሷ ወዲያው አውቃታለች፤ እንባዬን አይታ ነው ዝም ያለችው። ያኔ፣ ገና ፍለጋውን ስንጀምር፣ ስልኳ ላይ ከሁሉ ቀድማ የከፈተችልኝ፣ እኔም ውሻ ያባረረው ሰው ሩጫ ብዬ የመለስኳት ናት።