የእትዬ አስካለ ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ ሀና ማርያም ሰፈር በርበሬ ላስፈጭ ተሰልፌ ሳለሁ የወፍጮው ሞተር በራሱ ቀጥ አለ። "አሁንስ አበዛው!" አለች ከፊቴ ያለችው ሴት፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ። ሰልፉ ሲያጉረመርም እኔ ብቻ ፈገግ አልኩ።

ወጣት ሳለሁ ጎፋ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር እሸጥ ነበር። ትምህርትና እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ አልተስማማንም። ያኔ የዚህ ወፍጮ ባለቤት እትዬ አስካለ ሞተራቸው ግሎ ተቃጠለና የጋብቻ ወርቃቸውን ሸጠው ሌላ ገዙ። "ይሄም ከተቃጠለ እኔም አብሬው ነኝ" ይሉ ነበር። ኤሌክትሮኒክስ የሚማረው ጓደኛዬ ሰለሞን፣ ሞተሩ ሲግል የሚያጠፋ መሣሪያ እሠራላቸዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ኮምፒውተሩ ከእኔ፣ እውቀቱ ከእሱ።

መሣሪያው ተገጠመ፤ ሞተሩ ግን እጅ እስኪፋጅ ድረስ አይቆምም። ሰለሞን ሞተሩ የሚጠፋበትን የሙቀት ልክ ዝቅ ያደርጋል፣ ፕሮግራሙን እንደገና ይገነባል፤ ያው ነው። ሦስት ቀን በነሐሴ ጭቃ ተመላለስን። የእንቁጣጣሽ በርበሬ በሩ ላይ ተከምሯል።

"ያንተ ኮተት ነው የሚያጭበረብረኝ!" አለኝ ሰለሞን በመጨረሻ፣ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተ።

"ኮተቴን ተው! ሻይ የምትጠጣው በእሱ ነው።"

ተናድጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙን ከጻፈበት፣ አሴምብሊ ከሚሉት ቋንቋ አንድ መስመር አላነብም። አሮጌ ዕቃ ተወልውሎ አዲስ ነኝ ሲል ግን አውቃለሁ። ሰለሞን ከሚያርመው ፋይል ጎን ያለውን ሰዓት አየሁ።

"ሶል፣ ይሄን መቼ ነው ያረምከው?"

"ሻዩ ሳይመጣ።"

"ፋይሉ ግን አሁን ተሠራሁ ይላል። ግንባታውን ስታስጀምር።"

ሰለሞን ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ለካ እሱ በጻፈው ዋናው ፋይል ውስጥ፣ የሙቀቱ ልክ ከላይ አንዴ በቁጥር ተመዝግቦ ከዚያ በኋላ በስም ብቻ ነው የሚጠራው። ፕሮግራሙን የሚገነባው ሶፍትዌር፣ መገንቢያው፣ መጀመሪያ በየስሙ ቦታ ቁጥሩን አስገብቶ ሁለተኛ ፋይል ያወጣል፤ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀየረው ያ ነው። ሰለሞን ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ስለሚታየው ሁለተኛውን ያርማል፤ መገንቢያው ደግሞ በየጊዜው ከዋናው አዲስ እያወጣ እርማቱን ያጠፋዋል። ጠጠሩን ከበርበሬው ሳይሆን ከዱቄቱ ሲለቅም ነበር የከረመው።

"ለማንም እንዳትናገር" አለኝ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ። ልስቅበት አስቤ ነበር፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት መቅላቱን ሳይ ተውኩት።

ዋናውን አረመ። በማግስቱ ሞተሩ ገና መጋል ሲጀምር ቀጥ አለ። እትዬ አስካለ ጎኑን ዳበስ አድርገው "ደከመህ እንዴ ልጄ?" አሉት።

ሰለሞን ዛሬ አስተማሪ ነው፤ ተማሪ ሲሳሳት አይቆጣም አሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ፣ የለፋሁበት ነገር አልሰማ ሲለኝ፣ ከመሳደቤ በፊት የያዝኩት ዋናው መሆኑን አያለሁ። ሁልጊዜ ባይሆንም።

"ምናለ ይሄን ሞተር ቢያሠሩት!" አለች ከፊቴ የተሰለፈችው ሴትዮ።

"ተሠርቶ እኮ ነው" አልኳት።