በሰው ድምፅ የኖረች ተዋናይት

ቡታጅራ ውስጥ ዲሽ ያለበት ቤት ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ህንዳዊት ተዋናይት አለች። እኔ አልወዳትም። የልጅ ልጄ ግን ከፋርማሲ ስራዋ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ፊቷ ትቀመጣለች። አብሬያት የማየው ክፍሉ አንድ ስለሆነ ነው።

ሴትዮዋ ስታለቅስ ኩሏ አይፈስም። ጎርፍ ወስዷት ስትወጣ ፀጉሯ እንደተበጠረ ነው። ባሏን ልታስታምም ሆስፒታል ስትሄድ ያደረገችውን ወርቅ የሚያህል እኔ ለሰርጌም አላደረግኩም።

የልጅ ልጄ የተዋናይቷን ታሪክ ከስልኳ እያነበበች ታስረዳኛለች። ስራ የጀመረችው በተወለደችበት ክልል ቋንቋ ነው፤ የዋናው ተዋናይ እህት ሆና፣ ሻይ እያቀረበች። ከዚያ የታሚል ፊልም ሰሪዎች ወሰዷት፤ ከእነሱ ወደ ቴሉጉ፣ ከቴሉጉ ወደ ሂንዲ ተሻገረች። አገሩ እንደ እኛው ነው፤ ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ቋንቋው ይለወጣል።

“ይህን ሁሉ ቋንቋ መቼ ተማረችው?” አልኳት።

“አልተማረችም እኮ። እሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ሌላ ሴት ድምፅ ትሰጣታለች።”

“እሷ ታዲያ ስራዋ ምንድን ነው?”

“ትተውናለች።”

“ፍየልም ስታመሰኳ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።”

እንሴኖ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ሴት በመስቃንኛ ትከራከራለች፣ በስልጥኛ ትምላለች፣ ኦሮሞ ደንበኛዋን በኦሮምኛ መርቃ ትሸኛለች። ሁሉንም በገዛ አፏ ነው የምታደርገው። የእሷን ፎቶ ግድግዳው ላይ የለጠፈ ሰው አላየሁም።

ከሁሉ የናቅኳት ግን በእርጅናዋ ነው። ድሮ በዝናብ አብሯት ይጨፍር የነበረው ሰውዬ ዛሬም ፀጉሩን አጥቁሮ ከልጃገረድ ጋር ይጨፍራል። እሷን እናቱ አድርገዋታል። በእድሜ ግን ታላቋ ነው። ጎንበስ ብሎ እግሯን ነክቶ እጁን ወደ ግንባሩ ሲያደርግ፣ እሷም “ልጄ” እያለች ትመርቀዋለች። ያውም በተከራየችው ድምፅ። እምቢ የሚል ቃል በየትኛውም ቋንቋ አልደረሳትም።

በዚህ መሀል ወልቂጤ ላይ ፎቶ ቤት ያለው አንድ ወጣት በጉራግኛ ፊልም ሊሰራ ተነሳ። የልጅ ልጄን የዘመድ ሰርግ ላይ አይቷት ዋናዋን ገፀ ባህሪ ሰጣት። ታሪኩ ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት የእንሰት ማሳዋን ለባሏ ወንድም አልለቅም የምትልበት ነው። በመጀመሪያ ከባሏ ጋር ያላት ፍቅር ይታያል፤ መጨረሻው ላይ ከወንድምየው ጋር ደጃፏ ላይ ትጋጠማለች።

የልጅ ልጄ ግን ጉራግኛ አትናገርም። እኔ የቸሃ፣ የእምድብር ልጅ ነኝ፤ እዚያው ሚሲዮን ተምሬ፣ ከሰሜን የመጣ የመንግስት ሰራተኛ አግብቼ ቡታጅራ ገባሁ። ቤታችን በአማርኛ ነው የኖረው። በአገሬ ቋንቋ የምጸልየው በልቤ ነው። ጮክ ብዬ የምናገረው ስቆጣ ብቻ ነው።

“ችግር የለም” አላት ባለ ፎቶ ቤቱ፤ “አንቺ ከንፈርሽን አንቀሳቅሺ። ከእምድብር አንዲት ልጅ አምጥቼ ድምፅ አስገባለሁ።”

ደስ ብሏት ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ቴሌቪዥኑንም አልከፈተችም።

“በራሴ ድምፅ ካልሆነ አልፈልግም” አለች።

“ያቺ የምትወጃት ሴትዮ በሰው ድምፅ ኖራ የለ?”

“አንዴ ሞክራለች። በሂንዲ ራሷ ተናገረች። አነጋገሯን ሰምተው ሳቁባት።”

“ከዚያስ?”

“ተመልሳ በሰው ድምፅ መስራት ጀመረች።”

“ከእሷ ሌላ ምን ይጠበቃል?”

“እኔ ግን አልመለስም፣ እማማ። አስተምሪኝ።”

ባለ ፎቶ ቤቱ በመጨረሻ ተስማማ። ተምራ ድምጿን ትቅዳ፤ ካላሳመነው የእምድብሯ ልጅ ድምፅ ይገባል። የልጅ ልጄም የእምድብሯ ልጅ ድምፅ ከገባ ስሟ ፊልሙ ላይ እንዳይጻፍ ነገረችው።

ማታ ማታ አስተማርኳት። የፍቅሩን ቃል ስትናገር አፏ ውስጥ ትኩስ ድንች ያለ ይመስል ነበር። “ባልሽን እየጠራሽ ነው ወይስ ዶሮ እያባረርሽ?” እላታለሁ። እንደገና ትጀምራለች። በፍቅር ቃል ብዙም የምረዳት አልነበርኩም፤ እኔና ባለቤቴ ያን በአማርኛም ብዙ አልተነጋገርንበት።

ቀረጻው የተካሄደው እምድብር አጠገብ ነው፤ እኔም ሄድኩ። አማቷን በምትሰናበትበት ቦታ ባለ ፎቶ ቤቱ ጎንበስ አስብሎ የአሮጊቷን እግር አስነካት፣ እጇንም ወደ ግንባሯ አስወሰዳት። አሮጊቷ የመንደሩ ሴት ነበሩና ደንግጠው እግራቸውን ሰበሰቡ።

“እታች ምን ጠፍቶባት ነው?” አልኩት።

“አክብሮት ነው፣ እማማ።”

“የማን? እኛ ጉልበት ነው የምንስመው። ዲሽህን ቤትህ ትተህ ና።”

ሰው ሳቀ፤ ቦታው እንደገና ተቀረጸ።

ድምፅ የተቀዳው ወልቂጤ፣ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ በተቸነከረበት ክፍል ነው። የእምድብሯ ልጅ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቆሎ እየበላች ተራዋን ትጠብቃለች። የልጅ ልጄ የፍቅሩን ቦታ ደጋግማ ተናገረች። በእያንዳንዱ ሙከራ ባሰባት። ባለ ፎቶ ቤቱ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ፤ ያን ጊዜ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ። እሷም ገባት።

“ጠቡንም ልናገርና ከዚያ እሷ ትገባለች” አለች።

ጠቡን ጀመረች። የባሏን ወንድም መጀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደሚያዝንለት ሰው፣ አባቱ ማን እንደነበረ ጠየቀችው። ከዚያ ድምጿን ቀስ በቀስ ከፍ አደረገች። ቃሉ አንዱም አልተደናቀፈም። ወረቀቱ ላይ የሌለም ጨመረችበት። የእምድብሯ ልጅ ቆሎ መብላቷን አቆመች።

“ይህን ከየት አመጣሽው?” አላት ባለ ፎቶ ቤቱ።

“ከቤት” ብላ ወደ እኔ አየች።

ብርጭቆ በሰበረች ቁጥር፣ አምሽታ በገባች ቁጥር ያልኳትን ሁሉ ሳትጥል አስቀምጣዋለች። እኔ የምትሰማኝ አይመስለኝም ነበር።

ባለ ፎቶ ቤቱ አሰበና የፍቅሩን ንግግር አወጣው። ባልና ሚስቱ እንሰት ሲተክሉ ዝም ብለው ይተያያሉ፤ ያም ይሻላል። የቀረው ሁሉ በእሷ ድምፅ ሆነ። የእምድብሯ ልጅም ጎረቤት ሆና በራሷ አፍ ሶስት ቃል ተናገረች።

ፊልሙ ወልቂጤ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ደጃፉ ላይ ያለው ጠብ ሲደርስ አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ ያለችው ሴት “ይቺ የቸሃ ሴት ናት፤ እናቴ እንዲህ ነበር የምትናገረው!” አለች። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

ወደ ቡታጅራ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የልጅ ልጄ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

“እማማ፣ አንድ ሰው ደግሞ በስልጥኛ ሊያሰራኝ ጠየቀኝ። እንደ ተዋናይቷ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ልሻገር ነው።”

“ለስልጥኛው የምትቆጣሽ ሌላ አያት ፈልጊ” አልኳት።