አርባ ሦስቱ የኦቾሎ ቤቶች

ትናንት ቢሮአችን አዲስ የተቀጠረች ልጅ የተደገሙ መዝገቦችን ከሰርቨሩ ላይ ስትሰርዝ አጠገቧ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጪ፣ የሚሰረዙትን አንድ በአንድ በዓይንሽ እዪ፣ ከዚያ እንዲሰረዙ እዘዢ አልኳት። ቀና ብላ "ጋሼ፣ እርስዎ ተሳስተው የሰው መረጃ አጥፍተው ያውቃሉ?" አለችኝ።

በወጣትነቴ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ በአንድ የሕፃናት ጤና ጥናት ቢሮ እሠራ ነበር። አር በሚባለው ቋንቋ ኮድ መጻፍ የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። መረጃ ሰብሳቢያችን ማርታ ደግሞ ዳገት ላይ ካለችው ከኦቾሎ መንደር የሸማኔ ልጅ ናት። ታብሌት ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች፣ እናቶችን ስለሞቱባቸው ልጆች ትጠይቃለች። ክረምት ነበር፤ የዳገቱ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። እናቶቹ የሰፈራቸው ልጅ ስለሆነች ቆጮና ጎመን አቅርበውላት፣ ለማንም የማይናገሩትን ነገሯት፤ አብራቸው አለቀሰች።

ያኔ ኦቾሎ ኔትወርክ አልነበረም። ሁለት ሳምንት የሰበሰበችውን የአርባ ሦስት ቤት መረጃ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ላንቴ ወርዳ ሙዝ ሻጮቹ አጠገብ ቆማ በአንድ ከሰዓት ላከችው።

በዚያው ሳምንት አስተባባሪያችን በስልጠና ቀን የተሞሉትን የልምምድ መዝገቦች እንድሰርዝ አዘዘኝ። በአንድ ቀን ብዙ ቤት የሚያዳርስ ሰው የለም፣ ስለዚህ በአንድ ቀን ብዙ የተላከ ሁሉ ልምምድ ነው ብዬ ኮዱን ጻፍኩ። ቅጂ አላስቀመጥኩም፣ ዝርዝሩንም አላየሁም፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ የዓሣ ጥብስ አምሮኝ ነበር። ኮዱ በኤፒአይ፣ ፕሮግራሞች ከሰርቨር ጋር በሚነጋገሩበት መንገድ፣ ትእዛዙን አደረሰ። የተሰረዙት ብዛት ተመልሶ መጣልኝ፤ አንድ መቶ ሦስት። ልምምዱ ስልሳ ብቻ ነበር።

አርባ ሦስቱ የማርታ እንደሆኑ ገባኝ። ታብሌቱ የላከውን ከራሱ ላይ ያጠፋል፤ ሰርቨሩም የሰረዘውን አይመልስም።

ሰኞ ስብሰባ ላይ አስተባባሪው ማርታን አስነስቶ "ሁለት ሳምንት የት ተኝተሽ ከረምሽ?" አላት። ሰዉ ሳቀ።

"ልኬያለሁ! እሱን ጠይቁት" ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"እኔ ጋ የደረሰ ነገር የለም" አልኩ፣ ፈገግ ብዬ። ከውሸቱ ይልቅ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ፈገግታ ነው።

"የኦቾሎ ሰው ይመስክርልኝ።"

"ያንቺው ዘመዶች አይደሉም እንዴ?" አለ አስተባባሪው።

በዚያው ቀን ተባረረች። በእሷ ፋንታ ኦቾሎ የተላከው ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። አንዲት እናት "ለማርታ ነግሬያታለሁ፤ ልጄን ሁለት ጊዜ አልቀብርም" ብላ በሯን እንደዘጋችበት ነገረን። አስተባባሪው "አስጠንታቸዋለች" አለ። ማርታን የሚያድናት ኮምፒውተሬ ላይ የቀረው ቁጥር ብቻ ነበር፤ አንድ መቶ ሦስት። ከሰዓት ቢሮ ገብቼ እሱንም አጠፋሁት።

ሰው ሲያረጅ ደፋር ይሆናል ይላሉ፤ እኔ አልሆንኩም። ትናንትም አዲሷ ልጅ ቀና እንዳለች መልሴን ትጠብቅ ነበር።

"አንድም ቀን አጥፍቼ አላውቅም" አልኳት።

"ምነው እንደ እርስዎ በሆንኩ" አለች፣ ከልቧ።